ገንዘብ ያዧ ለምን ሊቀመንበር አትሆንም?

በገጠራችን የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የውኃ ኮሚቴ ሲመረጥ ሴት ከገባች፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጣት ገንዘብ ያዥነት ነው። ታማኝነቷን ሁሉም ይመሰክርላታል። ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል በሚለው ላይ ግን የመጨረሻው ቃል የወንዱ ሊቀመንበር ነው። በወሎ፣ አጅባርና መካነ ሰላም ላለ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚባለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙዎቻችን ስሙን ስንሰማ ትዝ የሚለን በመስከረም ለተማሪ የሚታደል ደብተር ነው። ደብተሩ መልካም ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ድርጅቱ ትርፉን የሚያገኘው እንዴት ነው የሚለው ነው፦ ብድር ለማን ይሰጣል? ማንን ይቀጥራል? የማንን ውኃ ያቆሽሻል? ይህ የሚወሰነው በሥራ አመራሩ ስብሰባ ላይ ነው።

ሴት ስትመራ ውሳኔው ይለወጣል ወይ? ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከመንደር ምክር ቤቶች ሊቀመናብርት ሢሶው ሴቶች እንዲሆኑ ደነገገች። ራጋቤንድራ ቻቶፓድያይና አስቴር ዱፍሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ሴቶች የመሯቸው ምክር ቤቶች ለመጠጥ ውኃ የበለጠ በጀት እንደሚመድቡ አሳዩ። እንስራ ተሸክማ ዳገት ለምትወጣ የሳይንት ሴት ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም። ሴት በተፈጥሮዋ ርኅሩኅ ስለሆነች አይደለም፤ ችግሩን ስለምታውቀው ነው።

በእኛ አገር ጎላ ያለው ምሳሌ እናት ባንክ ነው። 11 ሴቶች መሠረቱት፤ የመጀመሪያዋ የቦርድ ሰብሳቢ በ2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ባንኩ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሌሎች ያለፉትን ችግር ተመለከተ፦ ሴቶች ሥራ ያውቃሉ፣ የሚያስይዙት ንብረት ግን የላቸውም። ስለዚህ ፈቃደኛ ደንበኞች የሚያስቀምጡት ገንዘብ ለእነዚህ ሴቶች ብድር መያዣ እንዲሆን አደረገ። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የባንኩ መደበኛ ሥራ ነው። ለእኔ ማኅበራዊ ኃላፊነት ማለት ይኸው ነው።

በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ በሴት የቦርድ አባላትና በማኅበራዊ ኃላፊነት መካከል ግንኙነት ያሳያሉ፤ ትልቅ ግን አይደለም። አንዲት ሴት ብቻዋን በወንዶች መካከል ብትቀመጥ ድምፅዋ በቀላሉ ይዋጣል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ የትልልቅ አክሲዮን ኩባንያዎች ቦርድ ቢያንስ 40 በመቶ ሴቶች እንዲሆኑ ያስገደደችው አለምክንያት አይደለም።

ለወሎ የሴት አመራር ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ ያስጠለሏቸው የወሎ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት ነበሩ። ዛሬም በአማራ ክልል የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ከባሏ ጎን ሰፍሯል።

የማኅበራችሁ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ያቺን ታማኝ ገንዘብ ያዥ ለሊቀመንበርነት ጠቁሟት፤ ሌሎች ሴቶችም አብረዋት ይመረጡ።