የሱስንዮስ ዕዳ በወረታ

ወረታ፣ ወደ ደብረ ታቦር መገንጠያው አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ስገባ ክርክሩ ጦፎ ነበር። ሦስት ወጣቶች አንድ ጎልማሳ ከበዋል። ጎልማሳው ከደቡብ ለሥራ የመጣ የእርሻ ባለሙያ፣ በሃይማኖቱ ካቶሊክ ነው። ከወጣቶቹ አንዱ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ፣ ሁለተኛው ጴንጤ፣ ሦስተኛው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የሚጠብቅ፣ «እኔ ከነጭራሹ አላምንም» ባይ። ጴንጤው «ማርያም አታማልድም» ሲል ካቶሊኩና የሰንበት ተማሪው አንድ ላይ ተነሱበት። የማያምነው አፉን ሲከፍት ሦስቱም አበሩበት። ወዲያው ግን የሰንበት ተማሪው ዞረና «ጋሼ፣ እናንተ ግን በሱስንዮስ ጊዜ ያደረጋችሁት…» ሲል ካቶሊኩ ብቻውን ቀረ።

«ወንድሜ፣ ሱስንዮስን እኔ አላነገሥኩትም» አለና ሌላ ሻይ አዘዘ።

አራት መቶ ዓመት ገደማ የሆነው የዐፄ ሱስንዮስ ነገር አንድን የእርሻ ባለሙያ ሻይ ቤት ድረስ የሚከተለው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ወደ መጻሕፍቱ መለሰኝ።

ወረታ ያለችበት ፎገራ ሲባል ሰው የሚያስበው ሩዙን፣ ላሙን፣ ክረምት ሲገባ የሚሞሉትን የርብና የጉማራ ወንዞች ነው። ከወረታ የሚወጡት ሁለት መንገዶች ግን በክርክር ታሪክ ውስጥ ያልፋሉ። የሰሜኑ አዲስ ዘመንን አልፎ ወደ እንፍራዝና ወደ ሱስንዮስ መናገሻ ወደ ደንቀዝ አገር ያመራል፤ የምሥራቁ ወደ ደብረ ታቦር፣ ጋፋትና ጋይንት። (ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በሰሜኑ እንጀምር። ክርክሩ ሱስንዮስን ይቀድማል። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፈው የሃይማኖት ምስክርነት ቅዳሜን ማክበር፣ መገረዝና የአሳማ ሥጋ አለመብላት ከአይሁድ የተወሰዱ እንዳልሆኑ አስረዳ። በ1557 ካቶሊካዊው ጳጳስ ኦቪዬዶ ሲመጣም ንጉሡ ራሱ ተከራከረው። በ1603 የገባው ኢየሱሳዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ ብልህ ነበር። ግዕዝና አማርኛ አጠና። በዓመቱ በዐፄ ዘድንግል ፊት ሲቀርብ በጥያቄና መልስ ትምህርተ ክርስቶስ ያጠኑ ሕፃናትን ይዞ ሄደ፤ ንጉሡን ያስደነቁትም ልጆቹ ናቸው። ኋላ በነገሠው በሱስንዮስ ግቢ በተደረጉት ጉባኤያት ካቶሊኮቹ ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ተነሥተው ሁለት ባሕርይ ሲሉ፣ ሊቃውንቱ ሃይማኖተ አበውን ዘርግተው በቄርሎስ ቃል ተዋሕዶን ይመልሱ ነበር። ሁለቱም ወገን ማስረጃ ቆጥሮ ነበር የሚናገረው።

ነገሩ የተበላሸው ንጉሡ በዳኛ ወንበር ላይ ሆኖ ተሟጋች ሲሆን ነው። ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ ገለጠ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ጎርጎራ ላይ ሞተ። በ1626 ንጉሡና መኳንንቱ በፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ፊት ለሮማ ታማኝነት ማሉ። ሜንዴዝ እንደ ፓኤዝ አልነበረም። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ጾሙና በዓሉ በሮማ ቀን ይቆጠር አለ። አገሩ ሸፈተ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ የላስታ ሽፍቶች ድል ሲደረጉ ሚሲዮናውያኑ ራሳቸው 8,000 ያህል ሰው ማለቁን ጽፈዋል። ያሸነፈው ንጉሥ ሬሳውን አይቶ የአባቶችን ሃይማኖት መለሰ፤ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። በ1638 ሊሰብኩ የመጡ ሁለት ካፑቺናውያን፣ አጋታንጅና ካሲያን፣ ጎንደር ላይ ተሰቀሉ።

በዚሁ መንገድ ላይ ያለችው እንፍራዝ ሦስተኛውን ወገን አስተናግዳለች፤ ተጠራጣሪውን። የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ጸሐፊው ከሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ እንፍራዝ እንደኖረ ይናገራል፤ ፈረንጆችም ግብጻውያንም ሁሉም «የእኔ ብቻ እውነት» ይላሉና ዳኛው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ፈጣሪን አይክድም፤ የሃይማኖት ወገኖችን ግን በልቡናው ሚዛን ያስቀምጣቸዋል። መጽሐፉን በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለአውሮፓ ያሳወቀው በጋይንት ቤተልሔም የኖረው ካቶሊካዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 «ራሱ ጁስቶ ጻፈው» አለ። ኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ያስተማረው ክላውድ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ድርሰት ነው ብሎ ተሟገተለት። ሰምነር ኢየሱሳዊ ነበር! ወንድሞቹን የሚነቅፍ መጽሐፍ እውነተኛነቱን ሲከላከል ዕድሜውን ፈጀ። ሙግቱ ዛሬም በሊቃውንት መካከል አልተዘጋም።

የምሥራቁ መንገድ የፕሮቴስታንቶቹ ነው። ሳሙኤል ጎባት በ1830 ጎንደር ላይ ከደብተራዎች ጋር ስለ ጾምና ስለ ቅዱሳን ተከራከረ። ከዓመታት በኋላ የእርሱ ወገኖች ለዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ሠሩ፤ ቤተ እስራኤልን እንዲያስተምሩ ሲፈቀድላቸውም ያመነው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ በሚል ቅድመ ሁኔታ ነበር። ካቶሊኩ አባ ገብረ ሚካኤል ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። የጎጃም ሊቅ ነበር፤ እውነትን ፍለጋ ከካቶሊካዊው ሚሲዮናዊ ከዩስቶስ ዴ ያቆቢስ ጋር ሮማ ድረስ ሄዶ ካቶሊክ ሆነ፤ ጎንደር ላይ በጉባኤ ቆሞ ሐሳቡን አልለውጥም አለ። በ1855 በሰንሰለት እንደታሰረ የንጉሡን ጦር ተከትሎ ሲነዳ ሞተ። ሮማ በ1926 ብፁዕ አለችው።

ይህን ሁሉ ለእርሻ ባለሙያው ነገርኩት። «ታዲያ እኔን ሲያዩ ሜንዴዝን ያያሉ፤ ገብረ ሚካኤልን ማን ያያል?» አለኝ።

እንዴት እንደሚከራከር ጠየቅሁት። «ከጴንጤው ጋር ቀላል ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ይለኛል። የሱ 66፣ የእኔ 73፣ የኦርቶዶክሱ 81። የትኛው ነው ‹ብቻ›ው? የቆጠረልህ ማን ነው? እለዋለሁ። ለማያምነው ሳይንስን አልሰድብም። ዓለም ከአንዲት ቅንጣት ጀመረች ያለው ለሜትር ቄስ ነበር፤ ያውም የእኛ። ዝም ይላል። ቀጥሎ ግን ‹ታዲያ ሕፃን ለምን ይታመማል?› ይለኛል። ያን ጊዜ እኔም ዝም።»

«ኦርቶዶክሱስ?»

«እሱ የልብ ነው። ቅዳሴያችን ግዕዝ፣ እመቤታችን አንድ፣ ጾማችን ይቀራረባል። በ1973 ጳውሎስ ስድስተኛና የግብጹ ሺኖዳ ስለ ክርስቶስ በጋራ ፈረሙ እኮ፣ ስለው ‹የግብጽ ነው› ይለኛል። ይሁን። ግን እሱን ማሸነፍ አልፈልግም። ባሸንፈው ማን ይቀብረኛል?»

የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ናቸው፤ እዚህ ደግሞ ከዚያም እጅግ ያነሱ። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት በ2015 ተቋቁሟል፤ ባለሙያው ግን ለቅዳሴ ባሕር ዳር ድረስ ይሳፈራል። ቁጥራቸው ያነሰ አማኞች የአምልኮና የመቃብር ቦታ ሲጠይቁ በምን መስፈርት እንደሚስተናገዱ አንድ ኃላፊ ጠይቄ ነበር። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ነኝ አለ፤ ቀጥሎ «ይኼ የበላይ አካል ጉዳይ ነው» ብሎ የበላዩን ስም ሳይነግረኝ ስልኩን ዘጋ። ጎረቤቶቹ ለባለሙያው ዕድር አስገብተውታል። የሱስንዮስን ዕዳ ለተሸከመ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም፤ የጎረቤት ቸርነት ግን መስፈርት አይሆንም። መስፈርቱን ማውጣት የመንግሥት ሥራ ነው። የባሕርይን ክርክር ለሊቃውንቱ መተው የሚቻለው መስፈርቱ ሲወጣ ነው።