የካልሲ መኪና አሠራርና የባለሙያዎቹ ዕጣ

የሸማኔን ሥራ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ድሩ ተወጥሮ ይቆማል፤ ማጉም በመወርወሪያ እየተሳበ በድሩ መካከል ይመላለሳል። የካልሲና የሹራብ አሠራር ግን ከዚህ የተለየ ነው። አንዱ ክር ብቻ እየታጠፈ ቀለበት ይሠራል፤ በዚያ ቀለበት ውስጥ ሌላ ቀለበት ይገባል፤ በሁለተኛውም ውስጥ ሦስተኛው። ካልሲ ሲሳብ የሚለጠጠው፣ ሲለቀቅም የሚሰበሰበው ቀለበቶቹ ስለሚዘረጉና ስለሚመለሱ ነው። አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ተከታዮቹ የሚተረተሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ሥራ ከእጅ ወደ መኪና ያሸጋገረው ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በኖቲንግሃም አውራጃ የካልቨርተን መንደር ቄስ እንደ ነበረ ይነገራል። ዘመኑም 1589 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእጁ የሚሠራ ሰው ቀለበቶቹን በአንድ መርፌ ላይ ደርድሮ ተራ በተራ ያነሣቸዋል። ሊ ግን ለእያንዳንዱ ቀለበት የራሱን መርፌ ሰጠው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የመርፌዎቹ ጫፍ እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ የታጠፈ ነው። በመጀመሪያ ክሩ በመርፌዎቹ ላይ ይዘረጋል። ቀጥሎ ስስ የብረት ቅጠሎች በመርፌዎቹ መካከል እየወረዱ ክሩን ተጭነው ቀለበት ያደርጉታል። ከዚያም አንድ ተጫኝ ብረት የመንጠቆዎቹን ጫፍ ይዘጋል። አዲሱ ቀለበት በመንጠቆው ውስጥ ይቀራል፤ አሮጌው ግን በተዘጋው ጫፍ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል። በዚህ ዓይነት አንድ ረድፍ በሙሉ ባንድ ጊዜ ይሠራል።

እንደሚተረከው ንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ ለፈጠራው የባለቤትነት መብት ሳትሰጠው ቀረች፤ ካልሲ በእጃቸው እየሠሩ የሚተዳደሩ ድኾች እንዳይራቡ ሰግታ ነው ይባላል። ሊ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በሩዋን ከተማ ሥራ ጀመረ። ሆኖም ደጋፊው ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ በ1610 ተገደለ፤ ሊም ብዙ ሳይቆይ ሀብት ሳያፈራ ሞተ። መኪናው ግን ወደ እንግሊዝ አገር ተመልሶ ተስፋፋ።

መኪናው ውድ ስለ ነበረ ብዙው ሠራተኛ የራሱ አልነበረውም። በቤቱ አቁሞ በኪራይ ይሠራበታል፤ ሥራ ቢቀዘቅዝም ኪራዩ አይቀርም። በኋላም በሰፋፊ መኪናዎች የተሠራ ጨርቅ እየተቈረጠና እየተሰፋ ርካሽ ካልሲ ይወጣ ጀመር። ስፌቱ ቶሎ የሚተረተረው ይህ ዕቃ የሙያውን ስምና ዋጋ አወረደው። በ1811 የኖቲንግሃም ሠራተኞች በሌሊት እየተሰበሰቡ መኪናዎችን ሰባበሩ። ሉድ በተባለ መሪ ስም ስለ ተጠሩም ሉዳይት ተባሉ።

ዛሬ ሉዳይት ሲባል መኪናን የሚጠላ ሰው ማለት ይመስለናል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎችና አባቶቻቸው ከ200 ዓመት በላይ በመኪና የኖሩ ናቸው። የሰበሩትም በአብዛኛው ምልክት ያደረጉባቸውን አሠሪዎች መኪና መርጠው ነው። ጠባቸው ከብረቱ ጋር ሳይሆን ከአጠቃቀሙ ጋር ነበር። ፓርላማው በ1812 መኪና የሰበረ በሞት እንዲቀጣ ደነገገ፤ ባለቅኔው ሎርድ ባይረን በላይኛው ምክር ቤት ቢቃወምም አልተሰማም። የመኪና ኪራይን ከደመወዝ መቁረጥ በሕግ የተከለከለው በ1874 ነው።

በዚህ መካከል ቴክኒኩ እየተሻሻለ ሄደ። የሌስተሩ ማቲው ታውንሴንድ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ምላስ ያለው መርፌ አወጣ። ምላሱን የሚዘጋው አሮጌው ቀለበት ራሱ ስለሆነ ተጫኙ ብረት አላስፈለገም። በ1864 ደግሞ የላፍቦሮው ዊልያም ኮተን ቀለበቶቹን እየቀነሰና እየጨመረ ልብሱን ቅርጽ የሚያሲዝ መኪና ሠራ። ዛሬም ካልሲ በሚሠሩት ክብ መኪናዎች ውስጥ ባለ ምላሱ መርፌ ይገኛል።

መምህራን ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። ተማሪዎች የአሮጌ ሹራብ ክር መጨረሻ ፈልገው ይሳቡ፤ ረድፍ በረድፍ ይተረተራል። ከነጠላ ቁራጭ ጠርዝ ሲስቡ ግን የሚወጣው አንድ ነጠላ ክር ብቻ ነው። ልዩነቱንም በሥዕል ያሳዩ። ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ ለውይይት እናቀርባለን፤ መኪና የሰውን ድካም ሲቀንስ ከዚያ የሚገኘው ጥቅም ለማን ሊደርስ ይገባል? የኖቲንግሃም ሠራተኞች ለዚህ ጥያቄ መልስ የጠበቁት ከመኪናው ሳይሆን ከሰዎች ነበር።