«ጎሳችን ማን ነው?» ያለኝ የልጅ ልጄ

ባለፈው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ልጄን ልጠይቅ ወደ ስኮትላንድ ሄጄ ነበር። እሷም እንደ እኔ ነርስ ናት፤ የምትኖረው በአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ፣ ስካይ በምትባል ደሴት ላይ ባለችው በፖርትሪ ከተማ ነው። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን የአሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ፣ «አያቴ፣ የእኛ ጎሳ ማን ነው?» አለኝ።

ደነገጥኩ። ይህ ጥያቄ አገር ቤት ስንቱን ጎረቤት ሲያቃቅር፣ ስንቱን ትዳር ሲያናጋ አይቻለሁ። ባሕር ተሻግሮ እዚህም ተከተለን ብዬ፣ «ማነው እንዲህ ብሎ የጠየቀህ?» ስል ተቆጣሁ። ልጁ ግራ ገባው፤ እናቱ ግን ሳቀች።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሲጨርሱ የጭፈራ ዝግጅት አለ፤ ወንዶቹ ኪልት ይለብሳሉ። ኪልት ከወገብ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ከኋላው የተሸነሸነ የወንድ ጉርድ ነው። የሚሠራውም ታርታን ከሚባለው የሱፍ ጨርቅ ነው። ጓደኞቹ «እኔ ማክሊዮድ ነኝ»፣ «እኔ ማክዶናልድ ነኝ» እያሉ የየጎሳቸውን ታርታን ሲመርጡ የእኛ ልጅ ምን ይምረጥ? የእኛ ስም በአባትና በአያት ያበቃል፤ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ የሚጠቀልል የጎሳ ስም የለበትም።

ቅዳሜ ዕለት ሦስታችንም ወደ ጨርቅ ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ልጄ ችግራችንን ስትነግራቸው የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የምትኖሩት የት ነው?» «እዚሁ ፖርትሪ» አለቻቸው። «እንግዲያው የእናንተም ታርታን አለ» ብለው ሐምራዊና አረንጓዴ የተዋሃዱበት ጨርቅ ዘረጉልን። የስካይ ደሴት ታርታን ነው። እንዲህ ያለው የአካባቢ ታርታን ይባላል፤ የሚለበሰው በዘር ሳይሆን በቦታ ነው። የአካባቢው ነዋሪ ወይም ወዳጅ የሆነ ሁሉ ይለብሰዋል።

ጨርቁን በእጄ ይዤ ቀረብ ብዬ አየሁት። ሲያዩት የተወሳሰበ ይመስላል፤ አሠራሩ ግን ግልጽ ነው። ቀለሞቹ በድሩ ላይ የተሰለፉበት ቅደም ተከተልና የክር ቁጥር በማጉም ላይ እንዳለ ይደገማል። አንድ ቀለም ከራሱ ጋር ሲገናኝ ድፍን ሆኖ ይወጣል፤ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ደግሞ ከሁለቱ የተቀላቀለ ሦስተኛ ቀለም ለዓይን ይታያል። ስለዚህ በሦስት ቀለም ክር ስድስት ዓይነት ቀለም ይገኛል ማለት ነው። ማጉ ሁለት ድር ከላይ፣ ሁለት ድር ከታች እያደረገ ስለሚያልፍ በጨርቁ ላይ ሰያፍ መስመር ይታያል።

ይህን ታርታን እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣችው ሮዝሜሪ ኒኮልሰን ሳሚዮስ ትባላለች። የዘር ሐረጓ ከስካይ የሚመዘዝ አውስትራሊያዊት ናት። የደሴቲቱን ቀለም በክር የገለጸችው በሩቅ አገር የምትኖር ሴት መሆኗ ልቤን ነካው።

ጨርቅን ከቦታ ጋር ማያያዝ ግን የቆየ ነገር ነው። የስካይ ተወላጅ የሆነው ጸሐፊ ማርቲን ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1703 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የታርታን ዓይነት ከደሴት ደሴት እንደሚለያይና የሰውን መኖሪያ ከልብሱ መለየት እንደሚቻል ገልጿል። ሴቶቹ ንድፉ እንዳይሳሳትባቸው የእያንዳንዱን መስመር የክር ቁጥር በእንጨት ላይ ምልክት አድርገው ይይዙ እንደነበርም ጽፏል። ከ1746ቱ የከሎደን ጦርነት በኋላ የብሪታንያ መንግሥት የደጋውን ሕዝብ ልብስ በሕግ ከለከለ፤ ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ታርታን አለው የሚለው ልማድ በሰፊው የተስፋፋው ከዚያ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ይህን ስሰማ የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። በጤና ጣቢያ ስንሠራ በበሽተኛው ካርድ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታና ቀበሌ እንጽፍ ነበር። «የት ነው የምትኖሪው?» እንል ነበር እንጂ «የማን ዘር ነሽ?» አንልም። ባለሱቁም የጠየቁን ይህንኑ ነው።

በዝግጅቱ ዕለት የልጅ ልጄ ኪልቱን ለብሶ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ከአዲስ አበባ ያመጣሁለት የአገር ልብስ ገና ከሻንጣ አልወጣም ነበርና ትንሽ ቅር ብሎኛል። ሲመለስ ግን ራሱ ሻንጣውን ከፍቶ፣ ጥለቱን በጣቱ እየዳሰሰ፣ «ይሄስ የየት ነው? መስመሩ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ማለት የቻልኩት «ሽሮ ሜዳ ነው የገዛሁት» ብቻ ነው። የእነሱን ጨርቅ የክር አቆጣጠር ሳደንቅ ከርሜ የራሴን ጥለት አለማወቄ አሳፈረኝ።

ነሐሴ ላይ፣ ልመለስ ሳምንት ሲቀረኝ፣ ሄዘር የሚባለው ቁጥቋጦ አበበና ተራራው ሁሉ ሐምራዊ ሆነ። የልጅ ልጄ በመኪናው መስኮት እያሳየኝ፣ «አያቴ፣ ኪልቴን አየሽው?» አለኝ። አየሁት።

አገር ቤት እንደገባሁ ሽሮ ሜዳ ሄጄ አንድ ሸማኔ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስለ ጥለቱ ጠየቅሁ፤ የነገረኝንም ጽፌ ላክሁለት። ልጆቻችሁና የልጅ ልጆቻችሁ በውጭ አገር ያሉ ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ የሚኖሩበትን አገር ልብስ ቢለብሱ አትቆጡ፤ ትርጉሙን ጠይቋቸው። የእኛንም ልብስ ስትልኩላቸው ማን እንደሸመነው፣ የየት እንደሆነ ጽፋችሁ አብራችሁ ላኩላቸው።