በሽታው ሠላሳ ዓመት የዘገየባት ሴት

እ.ኤ.አ. በ1984 ፍራንሲስኮ ሎፔራ የተባለ ወጣት ኮሎምቢያዊ ሐኪም አንድ ያልተለመደ ሕመምተኛ ገጠመው። ሰውየው ገና በ47 ዓመቱ ነገር ይጠፋበት ጀምሯል። ሎፔራ ስለ ዘመዶቹ ሲጠይቅ፣ ከቤተሰቡ በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሆነው እሱ ብቻ እንዳልነበረ ሰማ።

በኮሎምቢያ የአንቲዮኪያ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሕመሙን «ላ ቦቤራ» ይሉታል፤ መጃጃል እንደ ማለት ነው። ድግምት ነው የሚሉም ነበሩ። ሎፔራ ግን ሉሲያ ማድሪጋል ከተባለች ነርስ ጋር ታጣቂዎች በሚንቀሳቀሱበት አገር ቤት ለቤት ዞረ። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ እያገላበጡም ዘር ማንዘሩን እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ቆጠሩ። 6,000 ያህል ሰው ያለበት ዘር ሆኖ ተገኘ፤ ከእነዚህም ወደ 1,200 የሚሆኑት ጉድለት ያለበትን ጂን ተሸክመዋል።

ጂኑ የሚያዘው ፕሪሴኒሊን 1 የተባለ ፕሮቲን እንዲሠራ ነው። ይህ ፕሮቲን ሌሎች ፕሮቲኖችን የሚቆርጥ መቀስ ስለት ነው እንበል። በእነዚህ ቤተሰቦች ስለቱ ስለተጣመመ፣ አሚሎይድ የሚባለው ቁራጭ ከልኩ ረዝሞ ይወጣል፤ እርስ በርሱ እየተጣበቀም ከአንጎል ሕዋሳት ውጭ ይከማቻል። በሕዋሳቱ ውስጥ ደግሞ ታው የተባለ ሌላ ፕሮቲን ውሉ እንደ ጠፋ ልቃቂት ይተበተባል። የማስታወስ መዳከም ይበልጥ የሚከተለው ይህን የታው መስፋፋት ነው። የጂኑ ተሸካሚዎች 44 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው መርሳት ይጀምራቸዋል፤ በ49 ገደማ ሕመሙ ይጸናባቸዋል።

አንዲት ሴት ግን ጂኑ እያለባት ሰባ ዓመት እስኪያልፋት ደህና ነበረች። ሎፔራና ቦስተን ያሉ ባልደረቦቹ አንጎሏን በምስል ሲመረምሩ የተከማቸው አሚሎይድ እጅግ ብዙ ነበር፤ ታው ግን ጥቂት። እ.ኤ.አ. በ2019 ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም ብለው አሳተሙ፦ አፖኢ በተባለው ጂኗ ላይ «ክራይስትቸርች» የሚሉት ብርቅ ለውጥ ከእናትም ከአባትም ወርሳለች። ለውጡ የአፖኢ ፕሮቲን በሕዋሳት ገጽ ላይ ካሉ የስኳር ሰንሰለቶች ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ ታው ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ሲሻገር የሚጠቀመውም እነዚሁን ሰንሰለቶች ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት የተጠየቀው ሰው ለምን እንደሚታመም ነበር፤ እሷ ግን ለምን እንደማይታመም አስጠየቀች። ስትሞት አንጎሏ ለምርምር ተሰጠ። እንዲህ ያለ ስጦታ በየትኛውም ገንዘብ አይገዛም።

መንገዱ ሁሉ ቀና አልነበረም። ከዚሁ ዘር 252 ሰዎች ክሬኔዙማብ የተባለ መድኃኒት በተሞከረበት ጥናት ለዓመታት ተሳትፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ግልጽ ጥቅም እንዳልሰጠ ተነገራቸው። ያም ሆኖ ቤተሰቦቹ ከምርምሩ አልራቁም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ከመካከላቸው ክራይስትቸርችን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱ 27 ሰዎችን አገኘ፤ በእነሱም ሕመሙ አምስት ዓመት ያህል ዘግይቷል። ሎፔራ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አረፈ።

እኛም ዘንድ የሚረሳን ሽማግሌ «ጃጅቷል» ብሎ መተው የተለመደ ነው። የቪታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድባቴም ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። አባትዎ ወይም እናትዎ መርሳት ካበዙ፣ ዕድሜ ነው ብለው አይለፉት፤ ሐኪም ያሳዩዋቸው።