ለማይሽር የስኳር ሕመም ቁስል የሚሠሩ ሃይድሮጄሎች

ሃይድሮጄል እርስ በርሳቸው በተጠላለፉ የፖሊመር ሰንሰለቶች መካከል ብዙ ውሃ ይዞ የሚቆይ፣ ራሱ ግን በውሃ የማይሟሟ ለስላሳ ቁስ ነው። ለሕክምና የሚሆነውን ዓይነት ኦቶ ቪክተርሌና ድራሆስላቭ ሊም ፕራግ ውስጥ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1960 ይፋ አደረጉ፤ ለስላሳው የዓይን ኮንታክት ሌንስ የተገኘው ከዚህ ሥራ ነው። ቁስልን በእርጥበት የማከም ሐሳብ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ጆርጅ ዊንተር በ1962 ባሳተመው የአሳማ ቆዳ ሙከራ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል አየር መትቶት ቅርፊት ከያዘው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ ለብሷል። ቁስል ካልደረቀ አይድንም የሚለው እምነት ግን ዛሬም ከብዙ ቤት አልወጣም።

በስኳር ሕመም የተጎዳ እግር ቁስል የሚከብደው ብዙ ችግር ስለሚደራረብበት ነው። ነርቭ በመደንዘዙ ሕመምተኛው ጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትቆረቁረው አይሰማውም። የደም ቧንቧ ከጠበበ ኦክሲጅንና መድኃኒት በበቂ መጠን አይደርሱም። ቁስሉም ከመቆጣት ደረጃ ሳይወጣ ይቆያል፤ በብዛት የሚመነጩ ኢንዛይሞች አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ያፈርሳሉ፣ ባክቴሪያዎችም ባዮፊልም በሚባል ሽፋን ተከልለው አንቲባዮቲክን ይቋቋማሉ።

ተራው ሃይድሮጄል ከቱቦ ተጨምቆ ጎድጓዳው ቁስል ውስጥ ይገባና በላዩ ሌላ መሸፈኛ ይደረግበታል። ዋና ሥራው ለደረቀ ቁስል ውሃ መስጠት ነው፤ የሞተው ሥጋ ሲለሰልስ በሰውነቱ ኢንዛይሞች እየተላቀቀ ይነሳል። ፈሳሽ በሚበዛበት ቁስል ላይ ግን ዙሪያውን ያለውን ቆዳ አርሶ ያነጣዋል፣ ያላሽቀዋል። የደም ዝውውሩ ባልተስተካከለ እግር ላይ ደርቆ የጠቆረ ጣትንም ማራስ አደገኛ ነው።

አዲሶቹ ጄሎች ከማራስ አልፈው ቁስሉን ለማዘዝ ይሞክራሉ። ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት የሚወጣው ካይቶሳን፣ ከባሕር አረም የሚገኘው አልጂኔት፣ ጄላቲንና ሃያሉሮኒክ አሲድ የተለመዱ ጥሬ ዕቃዎች ናቸው። በውስጣቸው ብር፣ አንቲባዮቲክ ወይም የዕድገት ፕሮቲን ይጫናል። ፊኒልቦሮኒክ አሲድ የተገጠመላቸው ስኳር ሲበዛ ትስስራቸው እየላላ መድኃኒቱን ይለቃሉ። በመርፌ ገብተው የቁስሉን ቅርጽ የሚይዙ፣ ሲሰነጠቁም መልሰው የሚገጥሙ ዓይነቶችም አሉ።

ከእነዚህ ሐሳቦች ገበያ የደረሰው ጥቂት ነው። በ1997 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ቤካፕለርሚን የዕድገት ፕሮቲን የያዘ ጄል ሲሆን፣ ከካንሰር ሞት ጋር በተያያዘ በ2008 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት በ2018 ተነስቶለታል። አብዛኛው የላቦራቶሪ ውጤት የተገኘው ከአይጥ ነው፤ የአይጥ ቁስል በዋናነት ቆዳው ተሰብስቦ ይዘጋል፣ የሰው እግር ቁስል ግን አዲስ ሥጋ ማብቀልና ቆዳ ማልበስ አለበት። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክሬን ተቋም በ2013 ያወጣው ግምገማ አምስት የሰው ሙከራዎችን መርምሮ፣ ሃይድሮጄል ቀላል በሆኑ የእግር ቁስሎች ላይ ከተራ መሸፈኛ ሊሻል እንደሚችል ቢያሳይም ማስረጃው ደካማ መሆኑን ገልጿል። በስኳር ሕመም እግር ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ቡድን በ2023 መመሪያው፣ ቁስል ለማዳን ተብሎ ፀረ ባክቴሪያ መሸፈኛ መጠቀምን አይመክርም። ቅድሚያ የሚሰጠው የሞተውን ሥጋ በስለት ለማንሳት፣ የጠበበውን የደም ቧንቧ ለመክፈት፣ እስከ ጉልበት በሚደርስ ጄሶ ወይም በልዩ ጫማ የሰውነት ክብደት ቁስሉ ላይ እንዳያርፍ ለማድረግ ነው። መሸፈኛው የሚመረጠውም ከዚያ በኋላ፣ እንደ ፈሳሹ መጠንና እንደ ዋጋው ነው።