የደባርቅ ስንዴና የቺካጎ ውል

ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ በሰኔ ስንዴ የሚዘራ ገበሬ፣ በታኅሣሥ ምርቱ በስንት እንደሚሸጥ አስቀድሞ አያውቅም። በሌላው ዓለም ይህን ሥጋት ለመከላከል ዋጋው ከስንዴ፣ ከወርቅ ወይም ከገንዘብ ምንዛሪ ዋጋ የሚቀዳ ውል ይሸጣል፣ ይለወጣል። ይህ ውል ዴሪቬቲቭ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1848 በተመሠረተው የቺካጎ የንግድ ቦርድ አንድ የስንዴ ውል 5,000 ቡሽል፣ በእኛ መለኪያ 1,360 ኩንታል ያህል ነው። የአንድ ቡሽል ዋጋ በአንድ የዶላር ሳንቲም ከፍ ቢል ገዢው 50 ዶላር ያተርፋል፤ ዝቅ ቢል ያንኑ ያህል ያጣል።

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄያችን እንዲህ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን እያስጎበኘ ዶላር ያገኘ የደባርቅ ወጣት፣ በእጅ ስልኩ አማካይነት ውጭ አገር ባለ የደላላ ድርጅት ሒሳብ ከፍቶ እንዲህ ያለ ውል መግዛት ይችላልን?

በቅድሚያ የውጭ ምንዛሪ ሕጉን እንመልከት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በሥራ ላይ ባዋለው መመሪያ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ፤ ግለሰቦች በውጭ ገንዘብ ሒሳብ የሚከፍቱበትንም መንገድ አቀለለ። ብዙዎች ይህን «ሁሉም ተፈቀደ» ብለው ተረጎሙት፤ በእኛ እምነት ስሕተት ነው። ለዕቃና ለአገልግሎት የሚከፈል ገንዘብ አንድ ነገር ነው፤ ሀብት ለማፍራት ከአገር የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ ሌላ ነው፤ ይህኛው በካፒታል ሒሳብ ይመደባል። መመሪያው በዋናነት የፈታው የፊተኛውን ነው። በካፒታል በኩል በሩን የከፈተው ወደ አገራችን ገበያ ለሚገቡ የውጭ ባለሀብቶች እንጂ ቁጠባውን ወደ ውጭ ለሚልክ ነዋሪ አይደለም። የደላላ ማስያዣን «የትምህርት ክፍያ» ብሎ ማስላክም ሐሰተኛ መግለጫ መስጠት ነው።

ሁለተኛው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ነው። አዋጁ ያለ ፈቃድ የካፒታል ገበያ አገልግሎት መስጠትን ይከለክላል። ክልከላው ያነጣጠረው በደላላው ላይ ነው፤ ጉዳቱ ግን ለደንበኛው ይተርፋል። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚዳኘው ደላላው በተመዘገበበት አገር ሕግ ስለሆነ፣ ገንዘቡ የተያዘበት ወጣት ከደባርቅ ተነሥቶ የት ሄዶ ይክሰስ? በአገር ውስጥም ምትክ አላገኘም፤ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በዋናነት የሚያገበያየው በእጅ ያለ ምርት ነው።

የሒሳቡ ነገር ደግሞ አለ። ደላላው በ100 ዶላር ማስያዣ የ3,000 ዶላር ውል ቢያስይዝ፣ ዋጋው በ3.3 ከመቶ ሲዛነፍ ማስያዣው ያልቃል። የአውሮፓ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ለግለሰቦች የፈቀደው ጣሪያ ይኸው 30 እጥፍ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከግለሰብ ሒሳቦች ከ74 እስከ 89 ከመቶ የሚሆኑት እንደሚከስሩ ገልጾ ነበር። በአንዳንድ ደሴቶች የተመዘገቡ ደላሎች ግን እስከ 500 እጥፍ ያበድራሉ፤ በዚህ ልክ የዋጋው ከሺህ ሁለት እጅ መዛነፍ ማስያዣውን በሙሉ ይወስዳል።