ጠባቂ ያጣው ድራይቨር

ኮምፒዩተር ፍሎፒ የተባለውን የድሮ ዲስክ እንዲያነብ አስተርጓሚ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ ስሙም ድራይቨር ነው። «ፕሮግራም ብረት አይደል አይዝግ፣ ታዲያ ምን ጥገና ያሻዋል?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት እምብርት፣ ማለትም ከርነሉ፣ በየጊዜው ይለወጣል። ድራይቨሩ አብሮ ካልታረመ መግባባት ያቆማል። አራሚው ደግሞ ዕቃውን በእጁ ይዞ መሞከር አለበት።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የፍሎፒው ድራይቨር ጠባቂ የሚሠራ ዕቃ አጣ። የሊኑክስ መሥራች ሊነስ ቶርቫልድስም ድራይቨሩን በጠባቂዎች መዝገብ ላይ «ወላጅ አልባ» አሰኘው። ኋላ ግን ሌላ ጠባቂ ተገኘለት።

እንግዲህ አሮጌ ዕቃ አልሠራ ሲለን ቶሎ አንጣለው። የሞተው ዕቃው ነው ወይስ አስተርጓሚው? መጀመሪያ እንጠይቅ።